ስድስት አፕ፣ አንድ የጠፋ የቤት ሥራ

የዚህ ሳምንት ደብዳቤ የመጣው ከአንዲት የ8ኛ ክፍል የሳይንስ መምህርት ነው። ረዘም ስለሚል አሳጥሬ ላቅርበው።

«ተማሪዎቼ 52 ናቸው። ዘንድሮ ‹በቴክኖሎጂ አስተምሩ› ስለተባልን የቻልኩትን ሁሉ ሞክሬአለሁ። የቤት ሥራ በጉግል ክላስሩም እሰጣለሁ። ማስታወቂያ በቴሌግራም ግሩፕ እለቃለሁ። ለመልመጃ ካሁትና ኩዊዝሌት፣ ለቡድን ሥራ ፓድሌት፣ ለአጫጭር ፈተና ጉግል ፎርምስ እጠቀማለሁ። ጎበዞቹ ወደውታል። ድሮም የሚዝረከረኩት ግን ጭራሽ ባሰባቸው። አንድ ልጅ አለ፤ ሥራውን እንደሚሠራ አውቃለሁ፣ ደብተሩ ላይ አይቼዋለሁ። ክላስሩም ላይ ግን ሁሌም ‹አላስረከበም› ነው የሚለው። ስጠይቀው ‹ቲቸር፣ ላክሁት እኮ!› ይለኛል። ብዙዎቹ ደግሞ የራሳቸው ስልክ የላቸውም፤ ማታ ወላጅ ሲገባ ነው የሚያገኙት። ሥርዓት የሚያስይዛቸው የተሻለ አፕ ካለ ይጠቁሙኝ። ስልክ ክፍል ውስጥ ይግባ ወይስ አይግባ የሚለውም ግራ ገብቶኛል።»

ውድ መምህርት፣

አፕ አልጠቁምዎትም። ያሉዎት ይበቃሉ፤ እንዲያውም በዝተዋል።

ነገሩን እስኪ ልጁ ወንበር ላይ ቁጭ ብለው ይዩት። ማታ ስልክ እጁ ገባ እንበል። «ለነገ ምን አለብኝ?» ብሎ ሲያስብ መልሱ የት ነው ያለው? ምናልባት ክላስሩም ላይ። ምናልባት ቴሌግራም ላይ፣ ከመዓት «እሺ ቲቸር» ሥር ተቀብሮ። ምናልባት ትናንት የተላከው የኩዊዝሌት ሊንክ ውስጥ። ይህ የእርስዎ ትምህርት ብቻ ነው። የሒሳቡ መምህር የራሳቸው ግሩፕ አላቸው፣ የእንግሊዝኛዋ በኢሜይል ይልካሉ፣ የታሪኩ መምህር ሰሌዳ ላይ ጽፈው ይወጣሉ። ጎበዟ ተማሪ ይህን ሁሉ በጭንቅላቷ ይዛ ትዞራለች። የሚዝረከረከው ልጅ ግን ችግሩ መጀመሪያውኑ ይኸው ነው፤ ምን የት እንዳለ መያዝ አይሆንለትም። እሱን ለመርዳት የጨመሩት አፕ ሁሉ የሚጠይቀው እሱ የሌለውን ችሎታ ነው። ስለዚህ «ጭራሽ ባሰባቸው» ማለትዎ አልገረመኝም።

ለእርስዎ ክፍል ከቴክኖሎጂ የሚፈለገው ሁለት ነገር ነው። አንዱ ሥራን አንድ ቦታ መያዝ፤ ምን ተሰጠ፣ መቼ ያስረክባሉ፣ ማን አስረከበ። ሌላው ማስጠናት ነው፤ ልጁ የተማረውን ከጭንቅላቱ እንዲያወጣ ማድረግ። ለመጀመሪያው ክላስሩም አለዎት፣ ለሁለተኛው ፎርምስ። ፎርምሱም የሚሰጠው በክላስሩም ውስጥ ስለሆነ ለልጆቹ በሩ አንድ ብቻ ይሆናል። ፓድሌትን ይተዉት። ኩዊዝሌትን የሚወድ ልጅ በግሉ ይጠቀምበት፤ እንደ ቤት ሥራ ግን አይታዘዝ። ወደ ካሁት ቆየት ብዬ እመለሳለሁ።

የቴሌግራሙን ግሩፕ ዘግተው በምትኩ ቻናል ይክፈቱ። ቻናል ላይ የሚጽፉት እርስዎ ብቻ ነዎት፤ ተከታዮቹም አንዱ ሌላውን አያይም። ግሩፕ ላይ ግን አባላቱ እርስ በርስ ይተያያሉ፤ ሊንኩን ከሆነ ቦታ አግኝቶ የገባ ሰው ለልጁ በግል ሊጽፍለት ይችላል። ለዚህ ዕድሜ ልጆች ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ቻናሉ ላይም የቤት ሥራው ራሱ አይጻፍ። «ሥራ 07 ክላስሩም ላይ ወጥቷል፣ እስከ ሐሙስ ጠዋት» ይበቃል። ዝርዝሩን እዚያም እዚህም ከጻፉት አንዱን ሲያስተካክሉ ሌላው እንደተሳሳተ ይቀራል። ከዚያ «ቲቸር፣ የቱ ነው ትክክሉ?» ሲዘንብብዎት ያመሻል።

አሁን ወደ ክላስሩም። ብዙ መምህራን የሚጠቀሙበት እንደ ማስታወቂያ ሰሌዳ ነው፤ «ስትሪም» በሚለው የመጀመሪያ ገጽ ላይ ይለጥፉና ይሄዳሉ። ሦስት ሳምንት ሲያልፍ ማንም አያገኘውም። ሥራ ሁሉ «ክላስወርክ» በሚለው ገጽ ይግባ፣ በቶፒክ ተከፋፍሎ። ቶፒኩን በምዕራፍ ስም ያውጡት። «ኖት»፣ «ቪዲዮ»፣ «ዎርክሺት» እያሉ በዓይነት አይከፋፍሉት፤ ልጅ ሲፈልግ የሚያስበው «ያ የብርሃን ምዕራፍ» ብሎ እንጂ «ፒዲኤፎቹ» ብሎ አይደለም።

ለእያንዳንዱ ሥራ ደግሞ ቁጥር ይስጡ። «ሥራ 05»፣ «ሥራ 06»፣ እያለ ዓመቱን ሙሉ ይቀጥል። ያው ቁጥር ሰሌዳው ላይም፣ ደብተሩ ላይም፣ ቻናሉ ላይም ይጻፍ። ነገሩ ተራ ይመስላል፤ እኔ ግን ከየትኛውም አፕ አስበልጠዋለሁ። ቁጥር ክፍተትን ያሳያል። ደብተሩ ላይ 05፣ 06፣ 08 ያለው ልጅ 07 እንደጎደለው ማንም ሳይነግረው ያያል።

ዎርክሺት ሲሰጡ «ለእያንዳንዱ ተማሪ ኮፒ ይደረግ» የሚለውን ምርጫ ከመለጠፍዎ በፊት ይምረጡ። ክላስሩም ለየልጁ ኮፒ ያወጣና ስሙን ርዕሱ ላይ ራሱ ይጽፍለታል። «ሰነድ 1 የመጨረሻ በጣም የመጨረሻ» የሚል ፋይል አይመጣብዎትም። በስህተት «ተማሪዎች ማረም ይችላሉ» የሚለውን ከነኩ ግን 52ቱም አንድ ሰነድ ላይ ይረባረባሉ። አንዱ የጻፈውን ሌላው እያጠፋ፣ ሦስተኛው ስሜት የሚገልጹ ፊቶችን እየደረደረ፣ ክፍለ ጊዜው ያልቃል።

የማስረከቢያ ሰዓትንም ያስቡበት። ቀን ብቻ አስገብተው ሰዓት ከተዉት፣ ክላስሩም በራሱ እኩለ ሌሊት ሊሆን አንድ ደቂቃ ሲቀረው ያደርገዋል። ለልጅ የማይሆን ሰዓት ነው፤ እንዲያመሽ ይጋብዘዋል፣ በዚያ ሰዓት ኔትወርክ እምቢ ቢለው የሚረዳው ሰው የለም። ስልክ የሚያገኙት ማታ ብቻ ስለሆነ ማንኛውም ሥራ ቢያንስ ሁለት ማታ ይኑረው። ሰኞ የተሰጠ ረቡዕ ጠዋት ትምህርት ከመጀመሩ በፊት ይግባ። ሰኞ ማታ አባት ቢያመሽ ማክሰኞ ማታ አለ። እርስዎ ያስገቡት ቀን ወደ ክፍሉ የጉግል ካላንደር ራሱ ይሄዳል፤ ሁለት ጊዜ መጻፍ አያስፈልግዎትም።

እንግዲህ ስለዚያ «ላክሁት እኮ» ስለሚለው ልጅ። አምናዋለሁ። ክላስሩም ላይ ፋይል ማያያዝና ማስረከብ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ልጁ የደብተሩን ፎቶ ያነሳል፣ ያያይዛል፣ ፎቶው ስክሪኑ ላይ ሲመጣ ያያል፣ «አለቀ» ብሎ ስልኩን ይመልሳል። «ተርን ኢን» የሚለውን ቁልፍ ግን አልተጫነም። በእሱ ዓይን ልኳል። በሲስተሙ ዓይን አላስረከበም፤ ቀኑ ሲያልፍ «ሚሲንግ» የሚል ቀይ ጽሑፍ ይወጣበታል። ሌላም ሊሆን ይችላል። ስልኩ የእናቱ ከሆነ የተከፈተው አካውንት የእናቱ ነው፤ ልጁ በዚያ ሲገባ ክፍሉን ጭራሽ አያገኘውም፣ ወይም ሊንኩ «ፈቃድ የለዎትም» ይለዋል። አፑ ላይ ከላይ በቀኝ ጥግ ያለችውን ክብ ምልክት ተጭኖ ወደ ራሱ አካውንት መቀየር እንዳለበት የነገረው ሰው ላይኖር ይችላል። ወይ ደግሞ ፎቶው ተጭኖ ሳያልቅ ስልኩን ተቀብለውት ይሆናል።

የቱ እንደሆነ ለማወቅ ልጁን መጠየቅ አይበቃም፤ እያደረገ ይዩት። ከክፍል በኋላ አጠገብዎ ያስቀምጡትና «እስኪ እንደ ማታው አድርገው» ይበሉት። ዝም ብለው ጣቱን ይከተሉ። እጅዎን አይስደዱ፣ አያርሙት፤ እስኪጨርስ ይጠብቁት። ችግሩ የት እንዳለ ወዲያው ይታይዎታል።

ይህ ችግር የአንድ ልጅ ብቻ ስለማይሆን ለክፍሉ በሙሉ ማስረከብን እንደ አንድ ትምህርት ያስተምሩት። ማርክ የሌለው ሥራ ይለጥፉ፤ «የእስክሪብቶህን ፎቶ አንስተህ አስረክብ» ዓይነት። ሥራው ምንም አይጠይቅም፣ የሚለመደው መንገዱ ብቻ ነው። በማግሥቱ ያላስረከቡትን ስም ያያሉ፤ እነዚያ ናቸው እርዳታ የሚፈልጉት፣ ሰነፎቹ አይደሉም። ፎቶ ሲያነሱ ደግሞ ደብተሩን ብርሃን ወዳለበት እንዲያዞሩና የእጃቸው ጥላ እንዳያርፍበት ይንገሯቸው። የጉግል ድራይቭ አፕ ላይ ያለው ስካነር ገጹን አጥርቶ ፒዲኤፍ ያደርገዋል፤ ለእርማት ዓይንዎን ያሳርፈዋል።

ከዚያ በየክፍለ ጊዜው መጨረሻ አምስት ደቂቃ ይተዉ። «ደወል ሲደወል» አይደለም፤ ከደወሉ በፊት። በዚያች ሰዓት አንድ ነገር ብቻ ይደረግ። ሁሉም የደብተሩን የመጨረሻ ገጽ ይገልጣል፤ እዚያ ሦስት ዓምድ አለ፦ የሥራው ቁጥር፣ የማስረከቢያው ቀን፣ «አስረክቤአለሁ»። እርስዎ ቁጥሩንና ቀኑን ሰሌዳ ላይ ይጽፋሉ፣ እነሱ ይገለብጣሉ፣ ያስረከቡት ላይ ምልክት ያደርጋሉ። ወረቀት ነው፣ አዎ። ስልክ የሌለው ልጅ ስልክ ካለው ጋር እኩል የሚሆንበት ቦታ ይህ ነው። ስልክ ያላቸው ደግሞ ማታ ክላስሩም ላይ «ቱ ዱ» የሚለውን ገጽ ከፍተው ከደብተሩ ጋር ያስተያዩት። የሚዝረከረክን ልጅ «ተደራጅ!» ብሎ መቆጣት ፋይዳ የለውም። በየቀኑ በአንድ ሰዓት የሚደረግ አንድ ነገር ግን ቀስ በቀስ ይይዘዋል።

ትምህርት ቤትዎ የሚጠቀመው የትምህርት ተቋማት የጉግል አካውንት ከሆነ፣ ለወላጆች በየቀኑ ወይም በየሳምንቱ ማጠቃለያ በኢሜይል እንዲሄድ ማድረግ ይቻላል። ያልተረከቡና የሚመጡ ሥራዎችን ይዘረዝራል። ኢሜይል ለማያዩ ወላጆች ግን አይደክሙ፤ ያቺ የደብተር ገጽ ትበቃቸዋለች።

ይህ ሁሉ ሥርዓት ማስያዝ ነው፤ መማር ገና ነው። የማስጠናቱ ክፍል ላይ እኔ ከአፕ ይልቅ የምተማመነው ልጁ ራሱን እንዲፈትን በማድረግ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 ሮዲገርና ካርፒክ የተባሉ ሁለት የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች ተማሪዎችን አጭር ጽሑፍ አስነበቡ። አንዱን ወገን ደግማችሁ አንብቡ አሉት፤ ሌላውን ወረቀቱን አስቀምጣችሁ የምታስታውሱትን ጻፉ አሉት። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ሲፈተኑ ደግመው ያነበቡት በለጡ። ከሳምንት በኋላ ሲፈተኑ ግን ራሳቸውን የፈተኑት በለጡ። ልጆች ደጋግመው ሲያነብቡ «ገብቶኛል» የሚል ስሜት ይመጣላቸዋል፤ ስሜቱ ነው የሚያታልላቸው።

ስለዚህ በየሳምንቱ አንድ አጭር ፎርም ይስጡ፣ አምስት ጥያቄ ብቻ። ሦስቱ ከሳምንቱ ትምህርት፣ አንዱ ካለፈው ሳምንት፣ አንዱ ከአንድ ወር በፊት ከነበረው። መርሳት ወዲያው እንደሚጀምርና በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት እንደሚፈጥን ኤቢንግሃውስ የተባለው ጀርመናዊ እ.ኤ.አ. በ1885 በራሱ ላይ ሞክሮ አሳይቷል። የድሮዋን ጥያቄ የምትጨምሯት ለዚህ ነው። ማርኩ ትንሽ ይሁን ወይም አይኑር፤ ማርክ ሲበዛ ኩረጃ ይበዛል።

ጥያቄው ላይ ግን ጊዜዎን ያጥፉ። የምርጫ ጥያቄ ዋጋው የተሳሳቱት ምርጫዎች ላይ ነው። ለምሳሌ «ወቅቶች የሚፈራረቁት ለምንድን ነው?» ብለው ጠየቁ እንበል። «ጨረቃ ስለምትጋርድ» የሚል ምርጫ ማንንም አይስብም፤ ከንቱ ነው። «መሬት ወደ ፀሐይ ስለምትቀርብና ስለምትርቅ» የሚለው ግን ብዙ ልጅ ይወስዳል፤ ብዙ አዋቂም እንዲሁ። አንድ ልጅ እሱን ከመረጠ ምን እያሰበ እንደሆነ በትክክል አወቁ። ፎርምስ የፈተና ሴቲንግ ላይ ሲሆን ለተሳሳተ መልስ ማብራሪያ ማስገባት ይቻላል። እዚያ እንዲህ ይጻፉለት፦ «መሬት ለፀሐይ ይበልጥ የምትቀርበው በታኅሣሥ መጨረሻ አካባቢ፣ እ.ኤ.አ. አቆጣጠር በጃንዋሪ መጀመሪያ ነው፤ ወደ 147 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር። በሰሜኑ ንፍቀ ክበብ ግን ያኔ ብርዱ የሚበረታበት ወቅት ነው። መቅረብ ቢሆን ምክንያቱ ይህ እንዴት ይሆናል? የመሬት ዘንግ 23.5 ዲግሪ ማዘንበሉን አስብ።» «ስህተት ነው» ከማለት ይህ ይሻላል፤ ልጁ ለብቻው ስልኩ ላይ ሆኖ ከራሱ ሐሳብ ጋር ይሟገታል።

ወደ ክፍል ከመግባትዎ በፊት የፎርሙን «ሰመሪ» ገጽ ይክፈቱ። ብዙ ሰው የሳተውን ጥያቄ ለይቶ ያሳይዎታል፤ የትኛው ምርጫ ስንት ሰው እንደሳበም በግራፍ ያወጣል። ግማሹ ክፍል «ስለምትቀርብ» ካለ የዛሬው ትምህርት ተገኘ ማለት ነው። ከእነዚህ መሣሪያዎች ሁሉ ለመምህር እውነተኛ ጥቅም ያለው ይህ ገጽ ይመስለኛል፤ የሚከፍተው ሰው ማነሱ ነው የሚያሳዝነው።

ካሁት። ልጆች ይወዱታል፣ ክፍሉ ይደምቃል፣ እኔም ጥሩ ነው እላለሁ፣ ለምዕራፍ መዝጊያ። ለአዲስ ትምህርት ግን አይሆንም። ቶሎ ለመለሰ ብዙ ነጥብ ስለሚሰጥ፣ ቀስ ብሎ የሚያስበው ልጅ ወይ ይገምታል ወይ ይተወዋል። ለሁሉም ስልክ ስለሚያስፈልገውም የእርስዎ ክፍል ላይ ግማሹ ተመልካች ይሆናል። በዚያ ምትክ ፕሊከርስን ይዩት። (አፕ አልጠቁምም ብዬ ነበር፤ ይህን ልጆቹ አይነኩትም፣ ስለዚህ አይቆጠርብኝ።) ለእያንዳንዱ ልጅ የራሱ ቅርጽ ያለው የታተመ ካርድ ይሰጠዋል። መልሱ የትኛው እንደሆነ ካርዱን በማዞር ያሳያል። እርስዎ በአንድ ስልክ ካሜራ ክፍሉን ሲቃኙ የማን መልስ ምን እንደሆነ ይመዘግባል። ቅርጾቹ ስለሚለያዩ ከጎረቤት ማየትም ብዙ አያዋጣም።

ይህ ለስልክ ጥያቄዎም ግማሽ መልስ ነው። የተማሪ ስልክ ክፍል ውስጥ ባይገባ እመርጣለሁ። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው የዓለም ትምህርት ክትትል ሪፖርት ስልክ ትኩረት እንደሚሰርቅ አንስቶ፣ ቴክኖሎጂ ሊገባ የሚገባው ለትምህርቱ የሚጠቅም ሲሆን ብቻ እንደሆነ አሳስቧል። አጠገቡ ያለው ልጅ ስልክ ሲነካካ የሌላውም ዓይን አብሮ ይሄዳል። ክፍል ውስጥ የእርስዎ አንድ ስልክ፣ ፕሮጀክተር ካለም እሱ፣ ይበቃል። ፕሮጀክተር ካለ በኮሎራዶ ቦልደር ዩኒቨርሲቲ የሚሠሩትን የፌት ሲሙሌሽኖች (ስክሪን ላይ የሚሠሩ የሳይንስ ሙከራዎች) ያሳዩበት፤ ነፃ ናቸው፣ ከልጆቹም አካውንት አይጠይቁም። ከመጫንዎ በፊት ግን «አሁን ምን የሚሆን ይመስላችኋል?» ብለው ግምታቸውን ደብተር ላይ ያስጽፏቸው። ሳይገምቱ ካዩት ካርቱን ነው የሚሆንባቸው።

የቤት ሥራቸውን በቻትጂፒቲና በመሰሎቹ ጽሑፍ የሚጽፉ የኤአይ ፕሮግራሞች ስለሚያሠሩ ልጆች አልጠየቁኝም፤ መምጣቱ አይቀርም። ጽሑፍ ነክ ሥራ በጉግል ዶክስ ያሠሯቸው። «ቨርዥን ሂስትሪ» የሚለው ጽሑፉ እንዴት እንዳደገ ያሳያል። ሦስት ገጽ በአንድ ደቂቃ ከተለጠፈ ልጁን ጠርተው በቃሉ እንዲያስረዳዎት ይጠይቁት። ለመወንጀል አይቸኩሉ፤ ደብተሩ ላይ ጽፎ የገለበጠም አለ።

የቀረው ከባዱ ነው፤ ሌሎቹ መምህራን። እርስዎ ቢያስተካክሉም ልጁ በሌላው ትምህርት ያው ይዝረከረካል። ስብሰባ አይጥሩ፤ ስብሰባ ላይ ሁሉም የራሱን አፕ ይከላከላል። የክፍሉን ኃላፊ መምህርና አንድ ሌላ የሚግባቡትን ሰው ያነጋግሩ። የሚጠይቋቸው ሦስት ነገር ብቻ ይሁን፦ ሥራ ሁሉ ክላስሩም ላይ፣ በቁጥር፣ ከሁለት ማታ ባላነሰ ጊዜ። የሚያስተምሩበትን መንገድ አይንኩባቸው። አንድ ክፍል ላይ ሦስት መምህር ከተስማማ ልጆቹ ራሳቸው ሌሎቹን «ቲቸር፣ የእርስዎስ ለምን ክላስሩም ላይ አይወጣም?» ማለት ይጀምራሉ።

ርዕሰ መምህሩ «ፓድሌቱስ?» ካሉዎት በአፕ ብዛት አይከራከሩ። ካሁኑ ጀምረው በየሳምንቱ ስንት ሥራ በሰዓቱ እንደገባ ይመዝግቡ፤ ክላስሩም ቁጥሩን ይሰጥዎታል። ከለውጡ በፊት ያለውንና በኋላ ያለውን አጠገብ ላጠገብ ያስቀምጡላቸው።

ለውጡን በምዕራፍ መሃል አይጀምሩት። ይህን ምዕራፍ እንደያዙት ይጨርሱት። አዲሱ ሲጀመር ቻናሉን ይክፈቱ፣ የድሮው ግሩፕ ላይ የቻናሉን ሊንክ ፒን ያድርጉ (ከላይ እንዲታይ ይስቀሉት)፣ ሳምንት ያህል አቆይተው ይዝጉት። የእስክሪብቶውን ፎቶ የመጀመሪያው ቀን ያሠሯቸው። ቁጥሩንም ከ01 ይጀምሩ።